ስለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ዳር፣ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት አነሳለሁ፤ በሌላው ቀን ካሜራዬን አንጠልጥዬ ሰፈሩን እዞራለሁ። በአካባቢያችን ካሜራ የገዙ ወጣቶች እየበዙ ነው። መጀመሪያ ከካሜራው ጋር በመጣው ሌንስ ይቆያሉ፣ ከዚያ «ፊፍቲ» ይገዛሉ፣ ሳምንት ሳይሞላ በሬን ያንኳኳሉ። የሚጠይቁኝ ነገር ስለሚመሳሰል ሰብስቤ ጻፍኩት።

ከሁሉ በፊት የማምንበትን ልናገር። ብዙ ሰው ይህን ሌንስ የሚገዛው ከሰውየው ኋላ ያለውን ለማደብዘዝ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ብርሃን በሚያንስበት ቤታችን ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ የእናታችንን ፊት እዚያው በተቀመጠችበት ብርሃን ማንሳት ያስችለናል። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሳ ነው።

«ፈጣን ሌንስ» ሲባል ምኑ ነው የሚፈጥነው?

ሌንሱ ውስጥ የሚሮጥ ነገር የለም። ፈጣን የተባለው ብዙ ብርሃን ስለሚያስገባ ሻተሩ (ብርሃኑን የሚያሳልፈውና የሚያቆመው የካሜራው መዝጊያ) ቶሎ ተከፍቶ ቶሎ እንዲዘጋ ስለሚያስችል ነው። ሻተሩ ቶሎ ከተዘጋ ደግሞ እጃችሁ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም፣ ልጁ ቢሮጥም ፎቶው አይበላሽም።

የኤፍ ቁጥሩ የሚገኘው ፎካል ሌንግዙ (ሌንሱ ላይ የተጻፈው 50 ሚሊ ሜትር) ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ማለት ወደ 28 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ነው፤ በኤፍ 5.6 ግን ቀዳዳው 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ዙም ሌንስ 50 ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ድረስ ነው። ቀዳዳው በሦስት እጥፍ ሰፋ ማለት ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን 10 እጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። የመስኮት ወርድና ቁመት ሦስት ሦስት እጥፍ ቢጨምር መስታወቱ ዘጠኝ እጥፍ እንደሚሆነው ነው።

ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ጀማሪን ያደናግራል። አንድ እንጀራ ለሁለት ሲካፈል የሚደርሳችሁና ለስምንት ሲካፈል የሚደርሳችሁ የቱ ይበልጣል? ኤፍ 2 እና ኤፍ 8 እንደዚያው ናቸው።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ከሌሎቹ ረከሰ?

ንድፉ የቆየና የተፈተነ ስለሆነ። ጀርመናዊው ፖል ሩዶልፍ በ1896 እ.ኤ.አ. ለዛይስ ኩባንያ የነደፈው ፕላናር የተባለው ሌንስ ስድስት ብርጭቆዎች ከመሃሉ ቀዳዳ ፊትና ኋላ ተመሳስለው የተደረደሩበት ነበር። ዛሬ የምንገዛቸው 50 ኤፍ 1.8 ሌንሶች ብዙዎቹ የዚያ ዘር ናቸው። ብርጭቆው ጥቂት ነው፣ የዙም ማሽን የለውም፣ በብዛት ይመረታል። ርካሽ መሆኑን አይታችሁ አትናቁት።

የትኛውን ልግዛ? ያገለገለስ ቢሆን?

ካኖን ካላችሁ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤስ ቲ ኤም የሚባለውን ፈልጉ። ከእሱ በፊት የነበረው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ዓይነት፣ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ቀዳዳውን የሚዘጉት ስለቶች አምስት ናቸው፤ ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች መቅረብም አይችልም። አዲሱ ቀለበቱ ብረት ነው፤ ሰባት ስለት አለው፤ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይቀርባል። አሮጌው በጥሩ ዋጋ ከተገኘ ግን መጥፎ አይደለም፤ እኔ የጀመርኩት በእሱ ነው።

ኒኮን ላይ ተጠንቀቁ። መጨረሻው ላይ «ዲ» የተጻፈበት የቆየ 50 ኤፍ 1.8 የራሱ ሞተር የለውም፤ ፎከስ የሚያደርግለት የካሜራው ሞተር ነው። በዲ 3000 እና በዲ 5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጥ ደግሞ ያ ሞተር የለም። ስለዚህ ሌንሱ ይገጠማል፣ ፎቶም ያነሳል፣ ፎከሱን ግን በእጃችሁ ማዞር አለባችሁ። እነዚህን ካሜራዎች የያዘ ሰው «ጂ» የሚለውን ይግዛ። ይህን ሳያውቁ ገዝተው «ሌንሱ ተበላሽቷል» እያሉ የመጡ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ሌንሱ ደህና ነበር።

ያገለገለ ስትገዙ ከፊትና ከኋላ ክዳኑን አውጡና በስልክ መብራት ውስጡን ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ፎቶ ላይ አይታይም። ቀዳዳው ስለቶች ላይ ዘይት አለመኖሩን እዩ። ከዚያ የራሳችሁ ካሜራ ላይ ግጠሙና ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ደጋግማችሁ ፎከስ አስደርጉት፤ ከተንገጫገጨ ወይም መሃል ላይ ከቆመ አትክፈሉ። «በኋላ ትሞክረዋለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ቤቴ ጠባብ ነው። 50 ይበቃኛል ወይስ 35 ልግዛ?

ይህን ጥያቄ በሜትር እንመልሰው፤ በቃል ብቻ ሲሆን ማንንም አይጠቅምም። ብዙዎቻችን የያዝነው ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አነስ ያለ፣ ክሮፕ የሚባለው ካሜራ ነው። በዚህ ላይ 50 ሌንስ ሲገጠም ሴንሰሩ ትልቅ በሆነው በፉል ፍሬም ካሜራ 75 ወይም 80 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ያህል ብቻ ያሳያል። ከሦስት ሜትር ርቀት በአግድም የሚገባው ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ማለት ነው፤ ሦስተኛው ትከሻው ይቆረጣል። የቆመን ሰው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ለማንሳት ካሜራውን በቁም ይዛችሁም ከአራት ሜትር በላይ ወደ ኋላ መሄድ አለባችሁ። በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ አራት ሜትር የሚገኘው በሩን ከፍቶ ኮሪደር ላይ በመቆም ነው። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አድርጌ አንስቻለሁ፤ ጎረቤት እያለፈ «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ቆም እያልኩ።

የምታነሱት በአብዛኛው ፊት፣ እጅ፣ ሕፃን፣ ሁለት ሰው ከሆነ 50 ይበቃችኋል። ቤተሰብ ሙሉ በሳሎን ውስጥ ከሆነ ሥራችሁ 35 ኤፍ 1.8 ውሰዱ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አትግዙ።

በኤፍ 1.8 ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ይላል። ሌንሱ ነው?

በአብዛኛው ሌንሱ አይደለም።

መጀመሪያ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሌንሱን በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ክርስትና አነሳሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቀዳዳውን ከኤፍ 1.8 አልነካሁትም። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የሕፃኑ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከኋላው አንድ ስንዝር ፈንጠር ብላ የቆመችው እናት ግን በሁሉም ፎቶ ፊቷ ሟሙቷል። አንድም ሁለቱ አብረው ጥርት ብለው የታዩበት ፎቶ አልነበረም። ያ ቀን ተመልሶ አይመጣም። ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

የሆነው ይህ ነው። በክሮፕ ካሜራ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 ስትዘጉት 9 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ኤፍ 4 ሲሆን 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚያው በኤፍ 1.8 ሆናችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ሦስት ሜትር ላይ ብትቆሙ ደግሞ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጥልቀቱ አራት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። እንግዲህ ጥርት ያለ ፎቶ ለማግኘት ሁለት መንገድ አላችሁ፦ ቀዳዳውን መዝጋት ወይም አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ ብርሃን ሳታጡ የምታገኙት ግን በእሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፎከሱን ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ መተው ነው። ካሜራው ብዙ ጊዜ ለእሱ የቀረበውን ነገር ይይዛል፤ አፍንጫን፣ የነጠላውን ጫፍ፣ የተዘረጋ እጅን። ስለዚህ አንድ ነጥብ ብቻ እንዲሠራ አድርጉና ያንን ነጥብ ወደ እናንተ በቀረበው ዓይን ላይ አሳርፉት። ዓይንን ራሱ የሚፈልግ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ካላችሁ ይህን ሥራ ይሠራላችኋል፤ አብሩት። በመሃለኛው ነጥብ ዓይኑን ይዞ ከዚያ ካሜራውን አዘንብሎ ፍሬሙን ማስተካከል በኤፍ 8 ችግር የለውም፤ በቅርብና በኤፍ 1.8 ግን ፎከሱን ከዓይን ላይ ያሸሸዋል። ነጥቡን ራሱን ወደ ዓይኑ አንቀሳቅሱት።

ሌላም አለ፤ የራሳችሁ አካል። ፎከስ ከያዛችሁ በኋላ ሳታውቁት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወደ ኋላ ትወዛወዛላችሁ። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አስደግፉ፣ ግድግዳ ካለ ተደገፉ፣ ሦስት አራት ፎቶ አከታትላችሁ አንሱ። ሻተሩንም እዩ፤ በክሮፕ ካሜራ ከ1/80 ሰከንድ በዘገየ ፍጥነት በእጅ ይዞ ማንሳት ያስቸግራል። ለተቀመጠ ሰው 1/125፣ ለሚሮጥ ልጅና ለእስክስታ 1/500 እጠቀማለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሁልጊዜ ከዓይን ፊት ወይም ኋላ የሚያርፍ ከሆነ መፈተን ትችላላችሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ ካሜራውን ከጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡ፣ ሜትሩን ከወዲህ ጫፍ ወደ ወዲያ ጫፍ በሰያፍ እንዲያይ አዘንብላችሁ 30 ቁጥር ላይ ፎከስ አድርጉ። ጥርት ብሎ የወጣው 28 ወይም 33 ከሆነ ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም። መስታወት ባላቸው ካሜራዎች ላይ ይህ ይደርሳል፤ አንዳንዶቹ በሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አላቸው። ከሌለው በስክሪኑ እያያችሁ አንሱ፤ ያን ጊዜ ፎከሱ የሚለካው ከሴንሰሩ ላይ ስለሆነ ስህተቱ ይጠፋል።

ታዲያ በየትኛው ቁጥር ላንሳ?

ለአንድ ፊት ኤፍ 2.2 ወይም 2.8። ለእናትና ልጅ ኤፍ 4። በሁለት ረድፍ ለቆመ ቤተሰብ ኤፍ 5.6፤ ከአራት ሜትር ርቀት ወደ 1.4 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይሰጣችኋል። ሌንሱ ከሁሉ የተሻለ ጥራቱን የሚያወጣው በኤፍ 4 እና በኤፍ 5.6 ነው። ከኤፍ 16 ወዲያ ደግሞ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን መልሶ መደብዘዝ ይጀምራል። ኤፍ 1.8ን ለጨለማ አቆዩት።

ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ እንዴት ላንሳ?

ይህ የምወደው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የጣሪያውን አምፖል አጥፉ። አዎ፣ ቀን ከሆነ አጥፉት። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ከመስኮቱ ከሚገባው ጋር ሲቀላቀልም የፊቱ ግማሽ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። አንድ የብርሃን ምንጭ ይበቃል።

ከዚያ በሩን ክፈቱ። በሰፈራችን ያሉ የጭቃ ቤቶችና የሰርቪስ ክፍሎች መስኮታቸው ትንሽ ነው፤ በሩ ግን ትልቅ ነው። ሰውየውን ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሩት። ፀሐይ አይነካውም፤ የሰማዩ ብርሃን ግን ፊቱን ሞልቶ ያበራዋል፤ ከኋላው ያለው ክፍል በራሱ ጨለም ብሎ ይቀራል። እናንተ ከውጭ ወይም ከጎን ቁሙ። ማንም የስቱዲዮ መብራት የሌለው ሰው በዚህ በር ብቻ ዓመት ሙሉ መሥራት ይችላል። ከውጭ ነጭ የተቀባ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ አጥር ካለ ብርሃኑን እየመለሰ ይጨምርላችኋል፤ አረንጓዴ ግድግዳ ከሆነ ግን ፊቱም ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ሰውየውን ራቅ አድርጉት።

ቡና ሲፈላ እንዲህ አነሳለሁ። የምታፈላዋ ሴት በርጩማ ላይ ናት፤ እኔም እቀመጣለሁ። ቆሞ ቁልቁል ማንሳት የሰውን ፊት ያሳንሳል፣ ረከቦቱንም ከቄጠማው ጋር ያጣብቀዋል። መስኮቱ በጎኗ ወይም በትንሹ ከኋላዋ እንዲሆን ቦታዬን እመርጣለሁ፤ የቡናው ጢስና የዕጣኑ ጢስ የሚታየው ብርሃን ከኋላ ሲመታውና በስተጀርባው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው። ከፊት ከሆነ ብርሃኑ ጢሱ ይጠፋል። ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 አካባቢ እጀምራለሁ። ቡናው ከጀበናው ወደ ስኒው ሲወርድ ፎከሱን ጀበናው አፍ ላይ ሳይሆን ስኒው ላይ አደርጋለሁ፤ ዓይን የሚሄደው ወደዚያ ነው። አንድ ስኒ ሳትጠጡ ግን አትውጡ፤ ሦስተኛው ላይ ሁሉም ካሜራውን ረስቶ ጨዋታ ይዟል፤ ጥሩው ፎቶ የሚመጣው ያኔ ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ሻማ አብሩ። ሻማው ከፊቱ አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት ላይ ከሆነ በኤፍ 1.8፣ በ1/60፣ በአይ ኤስ ኦ 1600 ወይም 3200 ይነሳል። ይህንኑ በኤፍ 5.6 ለማንሳት አይ ኤስ ኦው 16,000 አካባቢና ከዚያም በላይ መድረስ ነበረበት። ሌንሱ ዋጋውን የሚመልሰው እንደዚህ ባለ ምሽት ነው። ፎከሱ በጨለማ ካስቸገረው በፊቱ ርቀት ላይ ያለ ጥርት ያለ መስመር ፈልጉ፤ የነጠላው ጥለት በጣም ጥሩ ነው። ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት አንሱ፤ ሻማ በጣም ቀይ ስለሆነ ቀለሙን በኋላ ማስተካከል ትፈልጋላችሁ። ሙሉ በሙሉ ነጭ አታድርጉት ግን፤ የሻማ ቀለም የሻማ ይሁን።

ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች ፊታቸው ይጠቁርብኛል። ምን ላድርግ?

ካሜራው የተሠራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ነው። ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ሁሉንም ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። የሚታረመው በኤክስፖዠር ማካካሻው (ፎቶውን ለማብራት ወይም ለማጨለም ፕላስና ማይነስ በሚደረግበት) ነው፤ ከፕላስ 0.7 እስከ ፕላስ 1 ጨምሩ። የነጠላው እጥፋት መታየቱን ግን በስክሪኑ እያጎላችሁ ተመልከቱ። በተቃራኒው ጠይም ሰው ጥቁር ግድግዳ ፊት ጥቁር ካባ ለብሶ ከቆመ ካሜራው ከልክ በላይ ያበራዋል፤ ያን ጊዜ ቀንሱ። የሰዎቻችንን ፊት በትክክለኛ ቀለሙ ማውጣት ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ማንጣት ማሳመር አይደለም። ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን እንጂ የፊቱ ቀለም እንዲለወጥ አትፍቀዱ።

ቀን ፀሐይ ላይ በኤፍ 1.8 ሳነሳ ሁሉም ነጭ ይሆናል

ሻተሩ ስላልደረሰለት ነው። በጠራ ፀሐይ፣ በአይ ኤስ ኦ 100፣ ኤፍ 1.8 የሚፈልገው 1/8000 የሚጠጋ ፍጥነት ነው። የብዙዎቹ የጀማሪ ካሜራዎች ሻተር 1/4000 ላይ ያበቃል። ወደ ኤፍ 2.8 ዝጉት፤ 1/3200 ይበቃዋል። በተከፈተ ቀዳዳ መሥራት የግድ ከሆነ ኤን ዲ የሚባለውን ጥቁር ፊልተር ግጠሙ።

ከዚያ በላይ ግን ጊዜውን ምረጡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወር እኩለ ቀን ላይ ከፍ ብላ ትታያለች። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ዓይን ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው። ወደ ምሽት ስትወርድም ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልፋል፤ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ዝግጁ ሁኑ። ክረምት ግን ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሰማዩን ሁሉ አንድ ትልቅ መስኮት ያደርገዋል፤ ብርሃኑ ለስላሳ፣ መጠኑም ያነሰ ስለሆነ ይህ ሌንስ ከቤት ውጭም በደንብ ይሠራል። ጃንጥላ የሚይዝላችሁ ጓደኛ ፈልጉ።

ፎቶው ላይ አግድም የጨለሙ መስመሮች ይታያሉ

የኤሌክትሪክ መብራት ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሠራ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራሉ፣ ይደክማሉ፤ ዓይናችን አያየውም፣ ፈጣን ሻተር ግን ይይዘዋል። ሻተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጉ። ሚረርለስ ከሆነ ድምፅ አልባውን ሻተር አጥፉ።

የቆርቆሮ ጣሪያና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ይወጣል

የዚህ ሌንስ ባሕርይ ነው። ቀዳዳው ሙሉ ሲከፈት ሁሉም ቀለም አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፤ ጨለማና ብሩህ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከፎከሱ ፊት ወይን ጠጅ፣ ከኋላው አረንጓዴ ይታያል። ኤፍ 2.8 ሲደርስ በጣም ይቀንሳል፣ ኤፍ 4 ላይ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የቀረውን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ማጥፋት ይቻላል። ሰውን ከብሩህ ሰማይ ፊት አለማቆም ግን ከሁሉ ይቀላል።

እሺ፣ ኋላውን ማደብዘዝስ እፈልጋለሁ። እንዴት ነው?

ሰውየው ለእናንተ ይቅረብ፣ ከኋላው ያለው ከእሱ ይራቅ። ሰው ግድግዳ አስደግፋችሁ ኤፍ 1.8 ብትከፍቱ ምንም አይደበዝዝም። መስከረም ላይ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወይም ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለው ማሳ ዳር ሂዱ፤ አደይ አበባው ከሰውየው አምስት ስድስት ሜትር ኋላ ይሁን፣ እናንተ ሁለት ሜትር ላይ ሁኑ፣ ኤፍ 2.8 ይበቃል። አበባው አበባ መሆኑ እንዲታወቅ ተዉት። ያለንበት ቦታ ከጠፋ ፎቶው የትም ሊሆን ይችላል።

መንገድ ላይ ሰው ላንሳ ወይስ ላስፈቅድ?

አስፈቅዱ። ይህ ሌንስ አያቀርብም፤ ለፊት ፎቶ ሁለት ሜትር ላይ መድረስ አለባችሁ፤ ያን ያህል ቀርቦ ሳይናገሩ ማንሳት ነውር ነው። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ቢፈቅዱልኝ ፎቶ ላነሳዎት እወዳለሁ» ማለት ምንም አይከብድም። በከተማዋ ዙሪያ ብዙ ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ብትጀምሩ ፊት ይፈታል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች በተለይ አደራ፤ ሸክም ላይ ያለን ሰው አታስቁሙ። ሲያርፉ፣ ሸክሙ ሲወርድ ጠይቁ። እምቢ ካሉ አመስግኑና እለፉ። ከፈቀዱ ስክሪኑን አሳዩአቸው፣ ከተቻለም አሳጥባችሁ ውሰዱላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን አነጋግሩ፤ ፍላሽ ስለማያስፈልጋችሁ ጸሎት አትረብሹም፣ ፈቃዱንም ማግኘት ይቀላል። ጥር 10 ማምሻውን፣ ከተራ ላይ፣ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ብርሃኑ እየደከመ ሲሄድ ዙም የያዙት ካሜራቸውን ወደ ቦርሳ ይመልሳሉ፤ እናንተ ገና ትጀምራላችሁ።

አቧራና ዝናቡን እንዴት ላድርግ?

በበጋ መንገድ ዳር ሌንስ አትቀይሩ፤ ግድ ከሆነ የካሜራውን አፍ ቁልቁል ደፍታችሁ፣ ጀርባችሁን ለነፋስ ሰጥታችሁ ቀይሩ። አቧራውን መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ ጎማ ንፉት፤ በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ፣ አሸዋው ብርጭቆውን ይፍቀዋል። ክረምት ላይ ሌንሱን በቆዳ ቦርሳ ዘግታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትርሱት፤ ሻጋታ የሚይዘው እንደዚያ ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ጨምራችሁ አስቀምጡ፤ ከረጢቶቹንም በየጊዜው በአዲስ ለውጡ።

ቀጥሎ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?

ሦስት ወር በዚህ ብቻ አንሱና ያቃታችሁን ፎቶ ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። «ወደ ኋላ የምሄድበት ቦታ አጣሁ» የሚለው ከበዛ 35 ወይም 24 ነው። «ሠርጉ ላይ መቅረብ አልቻልኩም» ከሆነ 85 ኤፍ 1.8። «ብርሃን አነሰኝ» ከሆነና ኤፍ 1.4 ካማራችሁ ግን ቆም በሉ፤ ከኤፍ 1.8 የሚበልጠው በ1.6 እጥፍ ገደማ ብርሃን ብቻ ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ርቆ የተቀመጠን ሰው ወንበሩን አንድ ሜትር ማስጠጋት ከዚያ ያላነሰ ብርሃን ይሰጣችኋል።